ልዩ ልዩ

ቤት ሊሠራ የተነሣ የቦንጋ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው መሐንዲስ ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። ቡና ይፈላል፣ ደብተር ይወጣል። ይህን ደብተር ብዙ ቤት አይቼዋለሁ፤ ባለቤቱ ይለያይ እንጂ ደብተሩ አንድ ነው። ሲሚንቶ በኩንታል፣ አሸዋና ድንጋይ በቢያጆ፣ ብሎኬት በቁጥር፣ ፌሮ ባለ 8 እና ባለ 12፣ ቆርቆሮ ከነጌጁ፣ ሚስማር በኪሎ፣ ያውም የቆርቆሮው ለብቻ፣ የማገሩ ለብቻ። የግንበኛ፣ የአናጺ፣ የቀን ሠራተኛ። ጥንቃቄው ያስቀናል። የበር ማጠፊያ ብሎን ሳይቀር የቆጠረ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው «ልዩ ልዩ» ይመጣል፤ ከፊቱም መጻፍ የሰለቸው እጅ የጣላት አንዲት ሚጢጢ ቁጥር።

ማዘጋጃ ቤት የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። የፕላን ማስጸደቂያው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ ቀያሽ መጥቶ ወሰን የሚያሳይበት፣ የካርታው ቅጂ፣ የከረመ የቦታ ኪራይ፣ የአጥሩ ፈቃድ፣ ኋላ ደግሞ የውሃና የመብራት ቆጣሪው፤ ሁሉም ከፎቶ ኮፒ፣ ከባጃጅና ከሻይ ቡና ጋር ተጠጋግተው በዚያች መስመር ውስጥ ይኖራሉ። ለሚስማር ሁለት መስመር የሰጠ ሰው ለመንግሥት ግማሽ መስመር ነፍጎ ያድራል።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ጎረቤት አሉኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ባለፈው ዓመት ቡናቸው ጥሩ ያዘላቸውና ከዋናው ቤት ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሊሠሩ ተነሡ። ደብተራቸው ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር ነው፤ ቁጥሩ በቁጥር ስር ተሰድሮ፣ ድምሩ በሁለት መስመር ተሰምሮ። ባለቤታቸው ከጀበናው ቀና ሳይሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«የማዘጋጃውስ?»

«ልዩ ልዩ ውስጥ አለ» አሉ ቲቸር።

«ልዩ ልዩ ውስጥ ደግሞ ስንት ሰው ነው የምታስገባው? ባለፈው የልጅህን ሠርግም እዚያው ከተኸው ነበር።»

ቲቸር መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ሚስማሩ ተመለሱ።

ሰርቪስ መሥራት ቦንጋ ውስጥ ያለ ምክንያት አልተስፋፋም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት አራት ከተሞች መቀመጫነቱን ተካፈሉት፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ። ለቦንጋ የደረሳት የፖለቲካና የአስተዳደሩ ማዕከልነት ነው። አስተዳደር ደግሞ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ላይ ታች የሚለው ሁሉ ከኋላው ፍራሽ የጫነ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ዩኒቨርሲቲውም ቀድሞ መጥቷል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ጎመንና እንሰት የነበረው ሁሉ ጎመኑን በዓይኑ እየለካ «እዚህ ላይ ሁለት በር ይወጣል» ማለት ጀመረ።

ይህ ነገር ለቲቸር ትውልድ ትንሽ ፍርሃት አለው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ እሳቸው ተማሪ ነበሩ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር፣ ቤት ለአንድ ቤተሰብ አንድ፣ አከራይቶ መብላት ክልክል። ያኔ ሰርቪስ መሥራት ማለት መንግሥትን መጋበዝ ነበር። ዛሬ ዘመኑ ተገልብጧል፤ ቲቸር ግን አሁንም ስለ ሰርቪሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ብሎኬት በሲኖትራክ ተራግፎ በሩን የዘጋ ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ ማየት ያስቃል።

ለካስ ደብተሩ ላይ ማዘጋጃው የማይጻፈው በገንዘቡ ምክንያት አይደለም። ክፍያው ስንት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቅ ደግሞ «ልሠራ ነው» ብሎ መናገር ነው። እኛ ደግሞ ቆርቆሮው እስኪመታ ድረስ ለማንም መናገር አንወድም። ለዓይነ ክፉ ሰው አንናገርም፣ ለዘመድ አንናገርም፣ ብድር ይጠይቀናል ብለን ለጓደኛ አንናገርም። ለማዘጋጃ ቤት የምንናገረውማ እንዴት ተብሎ! ስለዚህ ዋጋውን በግምት እንሞላለን። ግምቱ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ግምት ሆኖ የበዛ አላየሁም።

የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፤ በዚያ ደብተር ላይ ካለው ነገር ሁሉ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ የሚገኘው የማዘጋጃው ብቻ ነው። የአገልግሎት ክፍያ በታሪፍ ነው የሚሄደው፤ እንደየከተማው ወይ በካሬ ሜትር ወይ በግንባታው ግምት ይሰላል፤ ታሪፉ እስኪሻሻል ድረስም ጠዋት የነበረው ማታ ያው ነው። ቆርቆሮን ተመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። ከዚያ ወዲያ የብረታ ብረት ሱቅ ገብቶ የቆርቆሮ ዋጋ የጠየቀ ሰው ሻጩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ስልኩን የሚያይበትን አስተያየት ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ስለምንኖር ደግሞ ሁሉም ነገር ላይ የናፍጣ ዋጋ ተቀምጦ ነው ጅማን አልፎ የሚደርሰን። በየሳምንቱ የሚለዋወጠውን በእርሳስ ደጋግመን እያጠፋን እንጽፋለን፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንጽፍም።

ቲቸር በመጨረሻ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሄዱት ዝናቡ ስላስፈራቸው ነው። ቦንጋ ባለችበት ካፋ ውስጥ በጋ የሚባለው ነገር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ነው። በዝናቡ የተነሣ ነው ደናችን ደን የሆነው፤ ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው። ጫካ መሃል ተቀምጠን ማገር ከገበያ የምንገዛውም ደኑ ጥብቅ ስለሆነ ነው። እሸት ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ጀንፈሉ ይደርቃል፣ ገንዘቡ እጅ የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ገንዘቡና ደረቁ ወር አንድ ላይ ይመጣሉ፤ አንድ ላይም ይሄዳሉ። በመሃል ባለችው ቀዳዳ ወረቀት ካሟላህ መሠረቱ መጋቢት ላይ በውሃ ተሞልቶ እንቁራሪት ይኖርበታል። ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ደግሞ መሠረት ብቻ አይደለም፤ አፈሩን የሚይዝ የድጋፍ ግንብ አለ፣ እሱም ደብተር ውስጥ የሚገባው ናዳው ከወረደ በኋላ ነው። ዐዋቂ ሰው ወረቀቱን ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ግንባታ በማያሠራበት ጊዜ ይጨርሳል። ችግሩ ሐምሌ ላይ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ወረቀት አያምረውም።

ቲቸር እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የተጠየቁት ስለ ሰርቪሱ አይደለም። «የዘመኑን ግብር ከፍለዋል?» ነው የተባሉት። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ከአዋጅ ቁጥር 80/1968 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ለቦታው ኪራይ፣ ቤቱ የራስህ ስለሆነ ለቤቱ ግብር። ቲቸር ሁለቱንም የሚከፍሉት ሰው ሲያስታውሳቸው ነበር፤ ያስታወሳቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የከረመው ተቆጠረ፣ ቅጣቱ ተጨመረ። ፈቃድ መጠየቅ ማለት ተኝቶ የከረመ ቀፎ በእንጨት መንካት መሆኑን እዚህ ላይ አየሁት፤ ማሩን ሊቆርጡ የሄዱት ሰውዬ መጀመሪያ ያገኙት ንቡን ነው። ይህ ክፍያ እንግዲህ ከግንባታው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሰርቪስ ባይሠሩም ዕዳቸው ነበር። ቲቸር ግን እስከ ዛሬ «ሰርቪሱ ያስወጣኝ» ውስጥ ነው የሚደምሩት።

ቀጥሎ ካርታው መጣ። ካርታው ላይ ያለው ቦታና አጥሩ ያቀፈው ቦታ ተለያዩ። አጥሩ የእንጨት በነበረ ጊዜ በየክረምቱ ሲታደስ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይራመድ ነበር መሰለኝ፤ ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ የሰፈራችን አጥር ሁሉ እግር አለው። ቀያሽ መጥቶ ወሰኑን አሳየ። ከታሰቡት ሁለት በሮች አንደኛው መንገድ ላይ ወደቀ። ፕላኑ እንደገና ተሣለ። ለሣዩ እንደገና ተከፈለ። ቲቸር እርሳስ ያወጡና «ልዩ ልዩ» ላይ የነበረውን ቁጥር በሁለት ያባዙታል፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና ያባዙታል።

ፕላኑን የሚያየው ባለሙያ የቀድሞ ተማሪያቸው ሆኖ ተገኘ። እሳቸው በሒሳብ ሁለት ጊዜ የጣሉት ልጅ ነው፤ አልረሳም፣ ግን ጨዋ ነው። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ ወንበር አቀረበላቸው፣ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አነሣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ስፋት ከውስጥ የተለካ ነው። ክፍያው በውጭ ልክ ነው የሚሰላው።»

«የግድግዳው ውፍረትማ ቀላል ነው።»

«ቀላል ነው፤ ግን በአራቱም ጎን ነው» አለና ስሌቱን ዘርዝሮ ጻፈላቸው፤ እርምጃ እርምጃውን፣ አንድም ሳይዘል፣ እሳቸው ድሮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማሩት አጻጻፍ። በመጨረሻም መልሱን በአራት ማዕዘን ከበበው። ቲቸር ከዚያ ቢሮ ሲመለሱ ተናደዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ያ ልጅ ተምሯል» አሉ፤ በዕድሜያቸው ሁሉ እንዲህ ረክተው አላየኋቸውም። ክፍያው መጨመሩን የነገሩኝ ማታ ላይ ነው።

ምድቡም ደስ አሰኝቷቸዋል። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 624/2001፣ ሕንፃን በሦስት መደበ፤ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ሕንፃና አነስተኛ መኖሪያ ቤት «ሀ» ሆነ፤ ፋብሪካና የሕዝብ መገልገያ፣ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውም «ሐ» ሆነ። ወደ «ሐ» በሄድህ ቁጥር የሚፈለገው ሥዕል፣ ባለሙያና ቁጥጥር ይበዛል፤ የቲቸር ሰርቪስ ከሁሉም ቀላሉ ላይ ነው ያረፈው። ሰውዬው ግን መምህር ናቸው፤ «ምድብ ሀ» ሲባሉ የተሰጣቸው ውጤት ነው የመሰላቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ለመጣው ሁሉ «ሀ ነው የሆነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ ዝለለው፣ ዝም ብለህ ሥራው የሚል ጎረቤት አይጠፋም። በየከተማው ጨረቃ ቤት የሚባለው ከዚህ ምክር የተወለደ ነው፤ ማታ ይጀመራል፣ ሲነጋ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል። ክፍያን ለመሸሽ ቤትን ማሰቃየት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ሰዉም መስኮቱን በጡብ ደፍኖ በጨለማ ተቀመጠ፣ የተደፈኑት መስኮቶች ዛሬም አሮጌ ቤቶች ላይ ይታያሉ። ጨረቃ ቤት ግን ከዚያም ይብሳል። መንገድ ሲያልፍበት ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም፣ ባንክ መያዣ አድርጎ አይቀበለውም፣ ሽጠው ብትል ገዢው «ካርታው ላይ የታለ?» ይልሃል። ሌሊት የተሠራ ቤት ቀን ላይ መቆም ያቅተዋል። የቁጠባው ትርፍ ታሪፉ ላይ ያለችው ገንዘብ ነች፤ የሚያስይዘው ግን ቤቱን ነው። ምክሩን ለሰጠው ጎረቤት ይህን ስነግረው «እኔ ስለ ራሴ አላወራሁም» አለኝ። ስለ ራሱ ነበር የሚያወራው፤ ሰርቪሱ ከእኔ ግቢ ይታያል።

እንግዲህ በግ ይቀራል። መሠረቱ ሲወጣ ቲቸር በግ አረዱ፤ ሠራተኛው በላ፣ ጎረቤት በላ፣ እኔም በላሁ። የቦንጋ በግ እንደሆነ ተራ በግ አይደለም፤ ቀንድ የለሽ፣ ላተ ረጅም፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ከአርቢዎች ጋር ሆኖ ዝርያውን ሲያሻሽል የኖረ ስመ ጥር በግ ነው። የሚያወጣውም እንደ ስሙ ነው። ለግንባታ ፈቃዱ ብቻ ከተከፈለው ጋር አስተያየሁት፤ በጉ ይበልጣል። ደብተሩን ገለጥኩ፣ በግ የሚል የለም። ጠጁም የለም። ባለቤታቸውን ጠየቅኋቸው።

«በግ ደግሞ ምን ወጪ ይባላል?» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው።

ስለ በጉ ማንም አላማረረም፤ ስለ ፈቃዱ ግን ሰፈሩ በሙሉ አዝኖላቸዋል። ያዘነላቸው ደግሞ በጉን እየበላ ነው። እኔ የማስበው ክፍያው ስለበዛ ሳይሆን ስለማይበላ ነው የሚከብደን። ከማዘጋጃ የሚመጣው ሰማያዊ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው፤ አይታኘክ፣ ለእንግዳ አይቀርብ። ግን እኮ ያው ገንዘብ መንገድ ጠርጎ፣ ድንጋይ አንጥፎ፣ የመንገድ መብራት ሰቅሎ እንዲመለስ ነው የሚጠበቀው። ይመለሳል ወይ የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው፤ በእኛ በኩል ያለው መንገድ ላይ ተንሸራትታችሁ ከሆነ የእኔን መልስ ታውቁታላችሁ። እንዲመለስ ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ የከፈሉበትን ደረሰኝ ማሳየት ሳይሻል አይቀርም።

ባለቤታቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብተሩን ተረከቡት። ሥርዓታቸው ቀላል ነው። አጥሩ በግንብ ሊሠራ ስለታሰበ፣ አናጺም ግንበኛም ሳይጠሩ፣ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ሄደው ታሪፉን ጠይቀው መጡ። «ልሠራ ነው» አላሉም፤ «ለሚሠራ ሰው ስንት ነው?» ብለው ነው የጠየቁት። የአጥር ፈቃድ፣ ቀያሽ፣ የዘንድሮው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፤ እያንዳንዱ በየመስመሩ ከሲሚንቶው በላይ ተጻፈ። ፎቶ ኮፒ ሳይቀር የራሱ መስመር አለው፤ መብራት ጠፍቶ ሌላ ሱቅ የሚኬድበት የባጃጅም አለ። በግ ግን አሁንም የለም።

ሰርቪሱ የተጠናቀቀው ዝናቡ ሊይዘው ሲል ነው፤ ሊሾው በጥድፊያ ስለፈሰሰ አንድ ጥግ ላይ ውሃ ይተኛበታል። ተከራይ ፍለጋ ግን አንድ ሳምንት እንኳን አልወሰደም። ኪራይ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፤ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራበት መወሰኑን ለክልሎች ትቷል። በጥር 2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ቲቸር ይህን ሁሉ በሬዲዮ ይሰማሉ፤ ሰምተው ድምፁን ይቀንሱታል። ሐሳባቸው ገር ነበር፤ ከተከራዩ ጋር በቃል ተስማምቶ፣ በየወሩ በእጅ ተቀብሎ፣ መሐላው በመድኃኔዓለም ሆኖ፣ እንደ ድሮው።

የመጀመሪያዋ ተከራይ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ንግግሯ የታረመ፣ ከሚዛን ተዛውራ የመጣች ወጣት ነች። ቤቱን ወደደችው፣ ጥጉ ላይ የተኛውንም ውሃ አየችና ምንም አላለችም። ቡና ተጠጣ፤ ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡ፤ ልጅቷ ብድግ ብላ ስታጥብ «ልጄ» አሏት። ቲቸር የሥራ ቦታዋን ለመጠየቅ የታሰባቸው ቁልፉን ከሰጧት በኋላ ነው።

«ገቢዎች ነኝ፣ ጋሼ» አለች፤ ፈገግ ብላ።

ወሩ ሲደርስ ኪራዩን በፖስታ አድርጋ አመጣች። በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ቲቸር ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፣ አመሰገኑ፣ መረቁ። ልጅቷ አልሄደችም። እንድትቀመጥ ወንበር አሳዩዋት፤ አልተቀመጠችም። ቡና አፍልተን ነበር አሉ ባለቤታቸው፤ ጠጥቻለሁ አለች። ሁለቱም ሌላ የጎደለ ነገር ያለ እንደሆነ እርስ በርስ ተያዩ።

«ደረሰኙን ነው፣ ጋሼ» አለች።